ካልመታሽ ምን ሆንሽ?

እታለም_ማርቆስ · ማክሰኞ ማታ 3:40

እንዴት ሰነበታችሁ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

ከባሌ ከተለየሁ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ፍቺው ፍርድ ቤት ጸድቆ አልቋል። የስድስት ዓመት ልጅ አለችን፣ ከእኔ ጋር ናት። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ ሰፈሩን አልናገርም። አብረን ስንኖር ይመታኝ ነበር። ሁለት ጊዜም አንቆኛል። አሁን የምጽፈው ግን ስለ ዱላው አይደለም። ዱላው ከወጣሁ ጀምሮ ቆሟል፣ እጁ ነክቶኝ አያውቅም። የምጽፈው ሳይነካኝ ስለሚያደርገኝ ነገር ነው። ስም አጣሁለት።

ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ከበሩ ማዶ ካለው ሱቅ ደጃፍ ቆሟል። ከሥራ ስወጣ መናኸሪያው አጥር ጋ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን ሳስተካክል ቀና ስል እሱ ነው። አያናግረኝም። አይሰድበኝም። ቆሞ ያየኛል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይሄዳል።

ማታ ደግሞ ፉጨቱ አለ። ድሮ ጠጥቶ ሲመጣ በር እንድከፍትለት የሚያፏጫት ፉጨት ነበረች፤ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም። ከዘገየሁ ምን እንደሚከተል እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው። አሁን በሳምንት ሁለትም ሦስትም ቀን፣ ማታ አራት ሰዓት ገደማ፣ ከአጥሩ ውጭ ያቺን ፉጨት ያፏጭና ይሄዳል። ጎረቤት ቢሰማ መንገደኛ አፏጨ ነው የሚለው። እኔ ግን በባዶ እግሬ በሩ ጋ ቆሜ፣ መቀርቀሪያውን ይዤ ነው የምነቃው። እጄ ሊከፍትለት ነው። ከወጣሁ ዓመት አልፎኝ እጄ አሁንም ሊከፍትለት ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ከመስኮቴ ሥር ጭቃው ላይ የጫማ ዳና አየሁ። ሁለቱም ወደ ግድግዳው የዞሩ፣ ተረከዛቸው ጋ ጠልቀው የገቡ፤ ብዙ ቆሞ ነበር ማለት ነው። የዝናብ ውሃ ሞልቶባቸዋል። ልጄ ሳታይ በመጥረጊያ አጠፋሁት። ፎቶ ላንሣው ማለት እንኳ አልመጣልኝም።

ሲም ካርድ ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ሦስተኛውን ቁጥር የሰጠሁት ለእናቴና ለአሠሪዬ ብቻ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ቴሌብር ላይ 1 ብር ገባልኝ። የላኪው ስም የጓደኛው ነው። በማግስቱ ሌላ 1 ብር።

ጣቢያ ሄድኩ። የት እንደሆነ ይቅር። የተቀበለኝ ሰው "መታሽ?" አለኝ። አልመታኝም አልኩ። "ዛተብሽ?" በአፉ አልዛተብኝም። "ታዲያ መንገድ ላይ መቆም ወንጀል ነው? ካልመታሽ ምን ሆንሽ?" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። መልስ አጥቼ ወጣሁ።

ምን ሆንኩ? ሌሊት ከሦስት ሰዓት በላይ አልተኛም። ጨጓራዬ ይቃጠላል። ፀጉሬ ከማበጠሪያው ጋር ይነቀላል። ሆቴል ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፣ ሒሳብ ይሳሳትብኛል፣ ባለፈው ወር 1,400 ብር ከደመወዜ ተቆረጠ። የማርያም ማኅበሬን ተውኩ፤ ተራዬ ሲደርስ ሰው ቤቴን እንዲያውቅ አልፈለግሁም። ከሁሉም የሚብስብኝ የልጄ ነው። ጠዋት ቦርሳዋን አዝላ በሩ ላይ ትቆምና "እማ፣ ዛሬ በየት በኩል ነው የምንሄደው?" ትለኛለች።

እንዲህ የሆነች አለች? ምን አደረጋችሁ?

ሲስተር_ፍኖተሰላም · ማክሰኞ ማታ 4:25

እታለም፣ ነርስ ነኝ። ካነበብኩት በኋላ ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

አላበድሽም። መጀመሪያ ይሄን ያዢልኝ። እጅሽ ወደ መቀርቀሪያው የሚሄደው ቶሎ መክፈት ከዱላ ያተርፍሽ ስለነበረ ነው። ሰውነትሽ በዚያች ፉጨት መትረፍ ተምሯል። ፍርሃት የተሰጠን ለአጭር ጊዜ ነው። ጅብ ሲመጣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ሥራውን ያቆማል፤ ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ያንቺ ጅብ አልሄደም። ዓመት ሙሉ ሲቆይ እንቅልፍ ይወስዳል፣ ራስ ያማል፣ ጨጓራ ይነሣል፣ የወር አበባ ይዛባል፣ ሰው ይረሳል፣ ሒሳብ ይሳሳታል። ደመወዝሽን ያስቆረጠው እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም።

ስንቷ ሴት "ጨጓራዬን" ብላ መጥታ ኪኒን ሰጥቼ ሸኝቻታለሁ። "የሚያስፈራሽ ሰው አለ?" ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ከጠየቅሁ ወዲህ ብዙዎቹ መጀመሪያ በሩን ዞር ብለው ያያሉ፣ ከዚያ ነው የሚያወሩት።

ሁለተኛው ያስፈራል፣ ግን አልደብቅሽም። "ሁለት ጊዜ አንቆኛል" ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። አንገት ያነቀ ሰው በሌላ ጊዜ ሊገድል የሚችል ሰው እንደሆነ ጥናቶች ደጋግመው ያሳያሉ። ክትትሉም እንደዚያው ነው። አሜሪካ ውስጥ በ10 ከተሞች በባላቸው ወይም በቀድሞ ወዳጃቸው የተገደሉ ሴቶችን ጉዳይ የመረመረ ጥናት በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከተገደሉት 76 በመቶዎቹን ሰውየው ከመግደሉ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሲከታተላቸው ነበር። ከግድያ ሙከራ ከተረፉት ደግሞ 85 በመቶዎቹን። አገሩ ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። ግን "ቆሞ ያየኛል እንጂ ምንም አላደረገኝ" ለሚል ሰው ይሄን አሳዩት።

ሐኪም ቤት ሂጂ፣ እንቅልፉንም፣ ጨጓራውንም፣ ማነቁንም ተናግረሽ ካርድሽ ላይ ይጻፍ። የአእምሮ ጤና ክፍል ካለ እዚያ ጠይቂ። የተጻፈ ነገር ኋላ ይጠቅምሻል።

የዳሞት_ሰው · ረቡዕ ጠዋት 1:15

ልጄ፣ አዝኛለሁ። በሽምግልና ብዙ ቤት አስታርቄያለሁ። ፍርድ ቤት ጽፎ ይለያያል እንጂ ልብ አያበርድም። ሰውየው ልጁን ናፍቆ፣ ትዳሩን ናፍቆ ይሆናል የሚንከራተተው። ሰው ያልወደደውን አይከተልም። የንስሐ አባቱን ይዛችሁ፣ ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቃል ይግባ። ክስ ከተጀመረ እልህ ይገባዋል፣ ይብስብሻል ብዬ ነው።

ስም_አልባ_21 · ረቡዕ ጠዋት 2:02

የአንድ ወገን ወሬ ነው። እሷስ ምን አድርጋው ነው?

ሲስተር_ፍኖተሰላም · ረቡዕ ጠዋት 2:30

ምንም ብታደርገው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 63 በመቶዎቹ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ይገባዋል ብለዋል። ሴቶቹ ናቸው ያሉት። ወጥ አረረ፣ ሳትነግረው ወጣች፣ መለሰችለት። እንዲህ ያስተማርናት ሴት ጣቢያ ስትገባም "ምን አድርገሽው ነው?" እንደምትባል አስቀድማ ታውቃለች። ከተጠቁት ውስጥ እርዳታ የጠየቁት ሩብ ያህሉ ብቻ መሆናቸው ለምን ይገርመናል?

የቢቸና_ልጅ · ረቡዕ ከሰዓት 8:10

ለዳሞቱ አባታችን ነው። በአክብሮት ነው የምጽፍልዎት፣ አባቴም በእርስዎ ዕድሜ ነው።

ታላቅ እህቴ ከባሏ ሸሽታ ሌላ ከተማ ቤት ተከራይታ ስድስት ወር ሰላም ኖረች። አድራሻዋን የምናውቀው ቤተሰቦቿ ብቻ ነን። አንድ ቅዳሜ ሽማግሌዎች መጡ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጨዋ ሰዎች፣ ሁለቱ የክርስትና ዘመዶቻችን ናቸው። "ይቅርታ ሊጠይቃት ነው፣ ያለችበትን ንገሩንና እኛው ሄደን እናናግራታለን" አሉ። እናቴ ደስ አላት። ጠላ ቀዳችላቸው። ነገረቻቸው።

ሽማግሌዎቹ አልሄዱም። እሱ ነው የሄደው፣ ብቻውን፣ በማግስቱ ሌሊት። እህቴ ተርፋለች። ግራ እጇ ግን ዛሬም ጠርሙስ አይከፍትም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ጠላ ጠምቃ አታውቅም።

ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አልቅሰዋል። ግን መንገድ መሪ አድርጎ ተጠቅሞባቸዋል። "ሰው ያልወደደውን አይከተልም" ላሉት ደግሞ፣ አውሬም ይከተላል አባቴ።

ሌላም ልጨምር። ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት በክልላችን ጠፍቶ፣ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ በነበረበት ጊዜ እህቴ "ደህና ነኝ" የምትልበት አጥታ ነበር። ሁላችንም ያኔ ስለ ጥይቱ ነበር የምናስበው። እሷ ግን ተኩስ ስትሰማ "ዛሬ እንኳ መንገድ ተዘግቷል፣ አይመጣም" ብላ እንቅልፍ ይወስዳት እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። እስቲ አስቡት። በተኩስ የምትተኛ ሴት።

ጠበቃ_ባሕርዳር · ረቡዕ ማታ 2:20

እህቴ፣ ጣቢያ የገጠመሽ ሰው ሙሉ በሙሉ ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም የተናገረው። ሕጋችን ሰውን እግር በእግር መከታተልን ራሱን ችሎ ወንጀል ብሎ አልጠራውም። "ወደ እሷ እንዳትደርስ" የሚል የመከላከያ ትእዛዝ የሚሰጥ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግም የለንም። ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው፣ እኛም በየጊዜው እንጮሃለን። ግን ባዶ እጅሽን አይደለሽም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 580 ሰውን ከባድ አደጋ ወይም ጉዳት አደርስብሃለሁ ብሎ ማስፈራራትን ይቀጣል። ቅጣቱ ትንሽ ነው፣ እስከ 500 ብር መቀጮ ወይም እስከ 6 ወር ቀላል እስራት፣ እሱም በግል አቤቱታሽ ነው የሚጀምረው። የግል አቤቱታ ደግሞ ድርጊቱን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ብዙ ሴቶች "ይተው ይሆናል" ብለው ሲጠብቁ ይሄ ጊዜ ያልፍባቸዋል። ያንቺ በየሳምንቱ የሚደገም ስለሆነ የቅርቦቹን ያዢ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። "ዛተብሽ?" ሲሉሽ "በአፉ አልዛተብኝም" አልሽ። እንደዚያ አትበይ። ያቺ ፉጨት ዛቻ ናት። ድሮ ከፉጨቷ በኋላ ምን ይመጣ እንደነበር ከሥር ከመሠረቱ ተናገሪ፣ ማነቁንም ጭምር፣ ከዚያ አሁን በአጥሩ ሥር እንደምትሰማ ተናገሪ። ትርጉሟን የምታውቁት እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ፣ እሱ አይነግራቸውም፤ ካልነገርሻቸው የመንገደኛ ፉጨት ሆና ትቀራለች።

ሁለተኛ፣ የቴሌብሩ 1 ብር ቀላል እንዳይመስልሽ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኮምፒዩተር ሥርዓት ደጋግሞ መልእክት በመላክ ወይም ግንኙነትን በመከታተል ሰውን ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና ውስጥ መክተትን እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ወደ ክትትል በጣም የቀረበው ሕጋችን እሱ ነው፣ ጣቢያ ላይ ግን ብዙም ሲነሣ አልሰማም። የቴሌብር መልእክቶቹን አታጥፊ።

አሁንም በትዳር ውስጥ ላላችሁ፣ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ ጥቃትን ሲያነሣ የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ጤንነትንም ይጠቅሳል። ሲስተር "ካርድሽ ላይ ይጻፍ" ያለችሽ ለዚህም ይጠቅማል።

ደብተር ግዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን አየ፣ ማን ሰማ። ለጠበቃ ገንዘብ ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር 7711 ላይ በነፃ ያማክራል። የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች፣ የእኛም የማርቆስም፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ አላቸው።

ባጃጅ_ማርቆስ · ሐሙስ ማታ 3:05

ከትናንት ጀምሮ ልጽፍ እያልኩ እየተውኩት ነው።

ባጃጅ ነው የምሠራው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ደንበኛዬ ሆነ። አንድ ቀን የሆነች ሴት ፎቶ አሳየኝ፣ ሚስቴ ናት አለኝ፣ ተጣልተን ነው፣ እናቷ ታማለች፣ ብታሳፍራት የወረደችበትን ንገረኝ አለኝ። 200 ብር ሰጠኝ። እኔም ትዳር ማስታረቅ መሰለኝ። አንድ ቀን አሳፈርኳት። ገና እንደገባች ወደ ኋላ ነው የምታየው። ሁለት ጊዜ "እዚህ አቁምልኝ" ብላ ቆይታ "ቀጥል" አለችኝ። ብሯን ስትሰጠኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ መስሎኝ ነበር።

ነገርኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዚያ ሰፈር ለቀቀች ብሎ ተናድዶ መጣ፣ እንደገና ፈልግልኝ አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። አልፈልግም አልኩት፣ ግን የመጀመሪያውን መመለስ አልችልም።

አንቺ ትሁኚ ሌላ አላውቅም። ይቅርታ ከማለት በቀር ምን እንደምል አላውቅም። ተራ ላይ ለጓደኞቼ ተናግሬያለሁ፣ አምስቱ እንዲህ ተጠይቀን እናውቃለን አሉ። አምስት! "ሚስቴ ናት" ካለ በቃ እንነግረዋለን። ከእንግዲህ በእኛ ተራ አድራሻ የሚሰጥ የለም፣ ተነጋግረናል። እታለም፣ ጠዋት ልጅሽን የሚያደርስ ሰው ከፈለግሽ፣ ካመንሽን፣ በነፃ ነው።

የቡሬ_ልጅ · ዓርብ ጠዋት 4:00

ስለ ቁጥሯ ማንም ያልመለሰላትን ልመልስ። እናትሽም አሠሪሽም ላይናገሩ ይችላሉ። ቴሌብር ላይ ቁጥር አስገብቶ ብር ሊልክ የጀመረ ሰው የተቀባዩን ስም ያያል። በግምት ወይም ከሆነ ሰው ያገኘውን ቁጥር ሁሉ እየሞከረ ስምሽ ሲወጣለት አወቀ ማለት ነው። ያቺ 1 ብር "አገኘሁሽ" ናት። አዲስ ሲም ስታወጪ ቴሌብር አትክፈቺበት፣ ወይም ለብር የምትጠቀሚበትና ለሰው የምትሰጪው ቁጥር ይለያይ። ቴሌግራም ላይም ቁጥርሽን ማን እንደሚያይና በቁጥርሽ ማን እንደሚያገኝሽ ዝጊ። የልጅሽን ስልክ ወይም ታብሌት እሱ የሰጣት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ስልኩን ወይም ታብሌቱን አጥፊ። የኔው ሰውዬ ያገኘኝ በልጄ ታብሌት ነበር። ዝርዝሩን ሌላ ቀን።

የዳሞት_ሰው · ዓርብ ማታ 1:40

የቢቸናዋ ልጄ የጻፍሽውን ሁለት ቀን ይዤው ዋልኩ። እኔም አንዲት ሴት ያለችበትን ጠይቄ ለባሏ የነገርኩበት ጊዜ አለ። እርቅ ነው ብዬ። ከዚያ ወዲህ ምን ሆነች ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ልጠይቅ ሰው ልኬያለሁ።

እታለም ልጄ፣ ይወድሽ ይሆናል ያልኩትን አንሥቻለሁ። ሽማግሌ ከገባም ወደሱ ይሂድ እንጂ ወዳንቺ አይምጣ። "ከዚያ ሰፈር እንዳናይህ" የሚለው ሽማግሌ ነው የጠፋው። ሰውየውን የሚያውቅ ቢኖርና ብትፈቅጂ፣ እኔ ማርቆስ ድረስ እመጣለሁ።

እታለም_ማርቆስ · ከ12 ቀን በኋላ፣ እሑድ ማታ 4:50

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ባጃጅ ወንድሜ፣ እኔ ልሁን ሌላ እኔም አላውቅም፣ ሰፈር ግን ቀይሬ ነበር። ልጄን ከማክሰኞ ጀምሮ ጓደኛህ ነው የሚያደርሳት። አባባ፣ ስላሰቡልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ግን አልፈልግም።

ደብተር ገዛሁ። ባለ 50 ቅጠል፣ ሰማያዊ። እስካሁን አሥራ አራት መስመር ተጽፏል። ሐኪም ቤትም ሄድኩ፣ ስለ አንገቴ ስናገር ዶክተሯ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። ጽፋልኛለች።

ለአከራዬ ነገርኳቸው። እስካሁን የደበቅኋቸው ቤቱን ያስለቅቁኛል ብዬ ነበር። እማማ ዝም ብለው ሰሙኝና "ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አይደለች? እኔማ የወፍ አዳኝ ልጅ መስሎኝ" አሉ። ለካ ይሰሙት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከእሳቸው ጋር ጣቢያ ሄድን። ሌላ ሰው ነበር። መታሽ ሲለኝ እንደ ጠበቃው ምክር ከሥር ጀመርኩ። ስለ ፉጨቷ ስደርስ መጻፉን አቁሞ "እንዴት ነው የምታፏጨው?" አለኝ። አፌ ደረቀ፣ አልወጣልኝም። እማማ አፏጩለት። ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ጥርስ የላቸውም፣ ግን ልክ እሷን። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ፣ ሳላውቀው። ሰውየው እኔን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። አቤቱታዬ ላይ "ፉጨት" የሚል ቃል አለ። ቴሌብሩንም ከስልኬ ላይ ወሰዱ። ሰኞ ሊጠሩት ነው ብለውኛል።

ትናንት ማታ 4:10 አፏጨ። በሩ ጋ ደርሼ ነበር። ከዚያ የእማማ መብራት በራ፣ በመስኮት "ማነህ?" አሉ ጮክ ብለው፤ ከማዶ ያሉት ጎረቤታችንም "ማነው እዚያ?" ብለው በራቸውን ከፈቱ፣ ውሻቸው ወጣ። የሚሮጥ ኮቴ ሰማሁ። መቀርቀሪያውን ለቀቅሁትና ደብተሩን አመጣሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ ጻፍኩ። "ማን ሰማ" ከሚለው ሥር እማማ ፈረሙ፣ ጎረቤታችንም ፈረሙ።

ልጄ አልነቃችም።